ብዙ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ ለመቀበል፦ ቋሚ አንቴና ለሚመርጥ ሰው የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በአንድ ቋሚ አንቴና ከአንድ በላይ ሳተላይት ለመቀበል የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት ሴንቲ ሜትር ዲሽ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለአንድ ሳተላይት ትክክለኛ ነው፤ ለብዙ ሳተላይቶች ግን ተራው ኋላ ይመጣል። ከእሱ በፊት የሚፈለጉት ሳተላይቶች በሰማይ ላይ በተሰለፉበት ቅስት ከዳር እስከ ዳር ስንት ዲግሪ እንደሚይዙ፣ ከመካከላቸውም ሲግናሉ በጣም ደካማ የሆነው የትኛው እንደሆነና በየትኛው ጫፍ እንደሚገኝ መታወቅ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የአንቴናው ዓይነት ራሱ በአብዛኛው ተለይቶ ይወጣል፤ ካልታወቁ ግን ዲሹ የቱንም ያህል ቢያድግ የታሰበው ውጤት ላይገኝ ይችላል። እንዲያውም ዲሽን ማሳደግ መሃል ላይ ላለው ሳተላይት የሚሰጠውን ጥቅም ያህል ለዳሩ ሳተላይት አይሰጥም፤ ምክንያቱን ከታች በዝርዝር እናየዋለን።

ቅስቱን መለካት

የቴሌቪዥን ስርጭት የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከመሬት ሲታዩ በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ቋሚ አንቴና የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። አድራሻቸው የሚነገረው በኬንትሮስ ሲሆን፣ ለምሳሌ ሆት በርድ በ13 ዲግሪ ምሥራቅ፣ አስትራ ደግሞ በ19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛሉ። በአንድ አድራሻ ላይ ብዙ ሳተላይቶች ተቀራርበው ሊቆሙ ይችላሉ፤ ዲሹ እንደ አንድ ስለሚያያቸው ለሁሉም አንድ ኤልኤንቢ (በዲሹ ፊት ቆሞ የተሰበሰበውን ሲግናል የሚቀበለው ክፍል) ይበቃል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት የሳተላይቶቹ ብዛት ሳይሆን የአድራሻዎቹ ብዛት ነው።

በኬንትሮስ ያለው ልዩነትና ከመሬት የሚታየው ልዩነት አንድ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኬንትሮስ የሚለካው ከምድር መሃል ሲሆን ተቀባዩ ያለው ግን በምድር ገጽ ላይ፣ ለሳተላይቶቹ ቀረብ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ርቀታቸው ሰፋ ብሎ ይታየዋል። ሳተላይቶቹ በቀጥታ ከራስ በላይ በሚሆኑበት በምድር ወገብ አካባቢ 1 የኬንትሮስ ዲግሪ 1.18 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይታያል፤ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ደግሞ ወደ 1.11 ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ኤልኤንቢዎችን ጎን ለጎን ለመደርደር ሲሞከር በሴንቲ ሜትር ይቆጠራል።

ዲሽ በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያየው ለምንድን ነው?

የጂፒኤስ መቀበያ አንቴና መዳፍ የማያህል ሆኖ ሳለ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞሩ ብዙ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ ይሰማል። ይህን የሚችለው የሚቀበለው መረጃ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ነው፤ መደበኛው የጂፒኤስ መልእክት በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው፤ ሳተላይቶቹም የሚለዩት በየራሳቸው ኮድ ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይት ግን በአንድ ትራንስፖንደር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ በሚያስተላልፈው የሳተላይቱ ክፍል) በሰከንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቢት ይልካል። ይህን ያህል መረጃ ከዚያ ርቀት ለመቀበል ሲግናሉን ከሰፊ ስፋት ሰብስቦ በአንድ ነጥብ የሚያከማች አንጸባራቂ ያስፈልጋል፤ አንጸባራቂው በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚያየው የሰማይ ክፍል ይጠባል። ጌይን (አንቴናው ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) እና የእይታ ስፋት አብረው አያድጉም፤ ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት አማራጮች ሁሉ ይህን ተፈጥሯዊ ግጭት ለማስታረቅ የተሠሩ ናቸው።

የጨረሩን፣ ማለትም ዲሹ በአንድ ጊዜ የሚያየውን የሰማይ ክፍል፣ ስፋት በግምት ለማወቅ የሞገዱን ርዝመት በ70 አባዝቶ ለዲሹ ወርድ ማካፈል ይበቃል። ኬዩ ባንድ በሚባለው የድግግሞሽ ክልል፣ በ12 ጊጋ ኸርዝ፣ የሞገዱ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የ60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ጨረር 2.9 ዲግሪ፣ የ90 ሴንቲ ሜትሩ 1.9 ዲግሪ፣ የ3 ሜትሩ ደግሞ 0.6 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በሲ ባንድ፣ በ4 ጊጋ ኸርዝ፣ ሞገዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የ2.4 ሜትር ዲሽ ጨረር 2.2 ዲግሪ ገደማ ነው። እነዚህን ቁጥሮች መያዝ ይጠቅማል፤ ተመልሰን እንጠቀምባቸዋለን።

ባለ ብዙ ኤልኤንቢ ፓራቦላ ዲሽ

በብዛት የሚታወቀውና ዋጋውም ዝቅተኛ የሆነው መንገድ በአንድ ተራ ኦፍሴት ዲሽ (ኤልኤንቢው ከሳህኑ መሃል ፊት ሳይሆን ወደ ታች ወጣ ብሎ የሚቆምበት) ላይ ከዋናው ኤልኤንቢ ጎን ሌሎች ኤልኤንቢዎችን መጨመር ነው። ከዋናው አቅጣጫ ወጣ ብሎ የሚመጣ ሲግናል ከዋናው የትኩረት ነጥብ ጎን ላይ ስለሚሰበሰብ እዚያ የተቀመጠ ኤልኤንቢ ሊቀበለው ይችላል። አቀማመጡ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ወደ ሰማይ ለሚመለከት ሰው በግራ ያለ ሳተላይት ኤልኤንቢው በቀኝ ይሆናል፣ ከፍ ያለ ሳተላይትም ኤልኤንቢው ዝቅ ይላል።

ይህ ዘዴ ሁለት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው የቦታ ጥበት ነው። የ90 ሴንቲ ሜትር ኦፍሴት ዲሽ የትኩረት ርዝመት (ከሳህኑ እስከ ትኩረት ነጥቡ ያለው ርቀት) አብዛኛውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ርዝመት 3 ዲግሪ የሚራራቁ ሁለት ሳተላይቶች የሚሰበሰቡባቸው ነጥቦች በመካከላቸው ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቁም፤ የተለመደ ኤልኤንቢ አፉ ግን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ሁለቱ ጎን ለጎን አይገቡም። ለዚህ ሲባል ቀጫጭን ኤልኤንቢዎች ተሠርተዋል፤ ሁለት አፍ በአንድ አካል ላይ የተገጠመባቸው ሞኖብሎክ የሚባሉትም ለ3፣ ለ4.3 ወይም ለ6 ዲግሪ ልዩነት ተብለው ይሸጣሉ። ሞኖብሎክ የሚሠራው ግን ለተነደፈበት የዲሽ መጠንና የትኩረት ርዝመት ብቻ ነው፤ ለ80 ሴንቲ ሜትር የተሠራውን በ120 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ላይ የሚያስር ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያጣል።

ሁለተኛው ገደብ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ፓራቦላ ፍጹም ትኩረት ያለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ የሚመጣ ሲግናል እየተበተነ ይሄዳል፣ ጌይኑ ይቀንሳል፣ የጎን ጨረሮች ያድጋሉ፣ በቋሚና በአግድም ፖላራይዜሽን (ሞገዱ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ) መካከል ያለው ልዩነትም ይሳሳል። ኪሳራውን የሚወስነው ከመሃል የተራቀው ዲግሪ ብቻውን ሳይሆን በጨረር ስፋት ሲለካ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ብንወስድ፣ 10 ዲግሪ መውጣት ለ60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ሦስት ጨረር ተኩል ያህል፣ ለ90 ሴንቲ ሜትሩ አምስት ጨረር፣ ለ120 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ሰባት ጨረር፣ ለ3 ሜትሩ ደግሞ አሥራ ሰባት ጨረር ነው። ሰውዬው የዳሩ ሳተላይት ደካማ ሆኖበት ዲሹን ሲያሳድግ፣ ዲሹ በመሃል የሚጨምረውን ጌይን በዳር በከፊል መልሶ ይወስደዋል፤ በጣም ሲያድግም ጭራሹኑ የዳሩን ያጠፋዋል። መሃልና ዳር አንድ ላይ የሚሻሻሉ ቢመስልም እውነቱ ይህ ነው፤ ደጋግሜ የማነሳውም ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

በተግባር 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ኦፍሴት ዲሽ በኬዩ ባንድ ከመሃሉ ግራና ቀኝ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ጠንካራ ሳተላይቶችን ሲቀበል ይገኛል፤ እስከ 5 ወይም 6 ዲግሪ ድረስ ደግሞ ኪሳራው ለአብዛኛው ሰው የሚታይ አይደለም። የትኩረት ርዝመቱ ለወርዱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ዲሹ ለዚህ ሥራ ይበልጥ ይመቻል። ኦፍሴት ዲሾች 0.6 እና 0.7 አካባቢ ስለሆኑ የተሻሉ ናቸው፤ 0.35 ወይም 0.4 የሆኑ ጎድጓዳ የሲ ባንድ ዲሾች ግን ቶሎ ይደክማሉ። በሲ ባንድ የሚታየው ሌላው ችግር በኤልኤንቢው አፍ ዙሪያ የሚታሰረው ባለ ቀለበት ሳህን ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ መስፋቱ ነው፤ በ2.4 ሜትር ዲሽ ላይ ከ7 ወይም 8 ዲግሪ በታች የሚራራቁ ሁለት ሳተላይቶች ቀለበቱ ሳይቆረጥ አብረው አይገቡም።

የዚህ ዓይነቱን ዲሽ አሰላለፍ በተመለከተ ብዙዎች ዋናውን የትኩረት ነጥብ ለመሃለኛው ሳተላይት ይሰጣሉ። ሁሉም እኩል ጠንካራ ሲሆኑ ልክ ነው። አንዱ ደካማ ከሆነ ግን ዋናው ነጥብ የደካማው መሆን አለበት፤ ጠንካሮቹ ከመሃል ቢርቁም የሚያጡትን መቻል ይችላሉ። ደካማው በቅስቱ ጫፍ ላይ ካለና ሌላኛው ጫፍ ከእሱ 15 ወይም 20 ዲግሪ ከራቀ ግን ይህ ዲሽ መፍትሔ መሆኑ ያበቃል።

ቶሮይድ ዲሽ

ቶሮይድ የሚባለው አንጸባራቂ የተሠራው በትክክል ለዚህ ሥራ ነው። ላይና ታቹ እንደ ፓራቦላ ሲታጠፍ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ጎኑ ግን የክብ ክፍል ነው። ክብ ከየትኛውም አቅጣጫ ሲታይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በቅስቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሳተላይት የአንጸባራቂውን የየራሱን ክፍል ይጠቀማል፤ «መሃል» እና «ዳር» የሚባለው ልዩነትም በእጅጉ ይጠብባል። በዘርፉ ቀደም ብሎ የሠራው የአሜሪካው የሳተላይት ኩባንያ የኮምሳት ቤተ ሙከራ ሲሆን በ1970ዎቹ ለመገናኛ ጣቢያዎች ብዙ ጨረር ያለው ቶረስ አንቴና ነድፏል።

ለቤትና ለአነስተኛ ተቋም የተሠራው የታወቀ ምሳሌ የደቡብ ኮሪያው ዌቭፍሮንቲየር ቲ90 ነው፤ እስከ 40 ዲግሪ ቅስት ይሸፍናል፣ እስከ 16 ኤልኤንቢም ይሸከማል። ከዋናው አንጸባራቂ ፊት ለፊት ሁለተኛ ትንሽ አንጸባራቂ አለው፤ ይህ ሁለተኛው ክቡ ጎን የሚፈጥረውን የትኩረት መዛባት ያርማል፣ ኤልኤንቢዎቹም በታጠፈ ሐዲድ ላይ ሰፋ ብለው እንዲደረደሩ ያደርጋል። በተራ ዲሽ ላይ አብረው የማይገቡት 3 ዲግሪ የሚራራቁ ጎረቤታሞች እዚህ ላይ በምቾት ይገባሉ።

ጉድለቱንም መናገር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚጠቀመው የአንጸባራቂውን ክፍል እንጂ ሙሉውን ስላልሆነ፣ ለሚይዘው ቦታና ለሚቀበለው ነፋስ የሚሰጠው ጌይን ተመሳሳይ ስፋት ካለው ተራ ዲሽ ያነሰ ነው። ቲ90ን የሚያህለው አንቴና ለእያንዳንዱ ሳተላይት ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ካለው ዲሽ ጋር የሚቀራረብ አቅም አለው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ሲግናሉ ደካማ ለሆነ ሳተላይት 120 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር የሚያስፈልግ ከሆነ ቶሮይድ አይተካውም። አተካከሉም ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተራ ዲሽ የአቅጣጫና የከፍታ ማዕዘን ብቻ ሲስተካከልለት ቶሮይድ ግን በሦስተኛነት መላ አካሉ ወደ ጎን ማዘንበል አለበት፤ ቅስቱ ከአካባቢው አድማስ አንጻር የሚያዘነብለው መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች የሚሰሉት ከቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም ከተመረጠው የቅስት መሃል ነው። ማዘንበሉ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት መሃል ላይ ያለው ሳተላይት ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ግን አንዱ ከጨረሩ መሃል በላይ፣ ሌላው ከጨረሩ መሃል በታች ይቀራሉ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ መቆሙን በውኃ ልክ ሳያረጋግጡ ሥራውን መጀመር ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ለየብቻ የቆሙ ዲሾች

ለእያንዳንዱ አድራሻ አንድ ዲሽ መትከል ኋላ ቀር መፍትሔ ይመስላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚገባውን መጠን ያገኛል፤ ለጠንካራው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ለደካማው 150 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ይቻላል። አንዱ ቢነቃነቅ ሌሎቹ አይነኩም፤ በቶሮይድ ወይም ባለ ብዙ ኤልኤንቢ ዲሽ ላይ ግን ነፋስ ምሰሶውን ካጣመመው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ዋናው ዋጋው ቦታ ነው። የነፋስ ግፊት ከስፋት ጋር ስለሚያድግ የዲሹ ወርድ በእጥፍ ሲጨምር ምሰሶውና መሠረቱ የሚሸከሙት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በጣሪያ ላይ አራት ትልልቅ ዲሾችን የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት። ከሦስት አድራሻ በላይ ሲሆን የኬብሉና የማሰሪያው ብዛትም ለጥገና ያስቸግራል።

ሞተር ያለው ዲሽ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አይገባም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ቅስቱን ሁሉ በሙሉ ጌይን ያያል እንጂ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው።

ለትልልቅ ጣቢያዎች የሚሆኑት

የኬብል ቴሌቪዥን ወይም የስርጭት ጣቢያ አሥርና ከዚያ በላይ አድራሻዎችን ሌት ተቀን መቀበል ሲኖርበት፣ ብዙውን ጊዜ በሲ ባንድ፣ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። በዚህ መደብ የታወቀው ሲሙልሳት የሚባለው ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ፓራቦላ፣ በሌላው ክብ የሆነ ግዙፍ አንጸባራቂ ሲሆን 70 ዲግሪ ቅስት ይሸፍናል፤ በ2 ዲግሪ የሚራራቁ እስከ 35 አድራሻዎችንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ዋጋው ከአንድ ዲሽ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ትልልቅ ዲሾች፣ ከመሬታቸው፣ ከመሠረታቸውና ከአጥራቸው ጋር ሲነጻጸር ግን አሳማኝ ይሆናል። አዲስ ሳተላይት ሲያስፈልግ የሚጨመረው ኤልኤንቢ ብቻ ነው፤ አዲስ መሠረት አይቆፈርም።

ሙሉ በሙሉ ከሉል የተቆረጠ አንጸባራቂም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ሲግናሉን በአንድ ነጥብ አይሰበስብም፤ የሚያከማቸው ከራዲየሱ ግማሽ አካባቢ ባለ መስመር ላይ ነው። ታላቁ ምሳሌ በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። በ1963 ሥራ የጀመረው ይህ ባለ 305 ሜትር ሳህን ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው ከላዩ የተንጠለጠለው መቀበያ ነበር። የትኩረቱን መበተን ለማረምም በ1990ዎቹ ተጨማሪ አንጸባራቂዎች ተገጥመውለታል፤ በ2020 ፈርሷል። ለሳተላይት ቴሌቪዥን የሚሠራ የሉል አንጸባራቂ መታጠፉ በጣም ለስለስ ያለ መሆን አለበት፤ መቀበያዎቹም ከሳህኑ ፊት ርቀው በየራሳቸው መቆሚያ ላይ ይቆማሉ። ሰፊ መሬት ላለውና ገጹን በሚሊ ሜትር ልክ አስተካክሎ መሥራት ለሚችል ሰው ጥሩ ሥራ ነው፤ ለሌላው አልመክረውም።

ሌንስና ጠፍጣፋ አንቴና

ሩዶልፍ ሉነበርግ በ1944 ያቀረበው ሉል ሌንስ በንድፈ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣውን ሞገድ በተቃራኒው ገጽ ላይ በአንድ ነጥብ ያከማቻል፣ በዳርና በመሃል መካከልም ልዩነት የለውም። ይህን የሚያደርገው የቁሱ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ከመሃል 2 ጀምሮ ወደ ገጹ እየቀነሰ 1 ስለሚደርስ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ የ90 ሴንቲ ሜትር ሉል 0.38 ሜትር ኩብ ቁስ ይይዛል፤ በተለያየ ጥግግት ንብርብር የተሠራ መሆን ስላለበትም አሠራሩ ውድ ነው። በገበያ ላይ ለቤት የሚሆን ምርጫ ነው ማለት አይቻልም።

በኤሌክትሮኒክስ የሚመሩ ጠፍጣፋ አንቴናዎች በሌላ በኩል እየተስፋፉ ነው። ተቀባይ ብቻ ከሆኑ የተቀበሉትን አጉልተው ከዚያ ለብዙ ጨረሮች ስለሚያካፍሉት በመርህ ደረጃ ብዙ ሳተላይቶችን ያለ ጌይን ኪሳራ ማየት ይችላሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ተጨማሪ ጨረር የራሱን የኤሌክትሮኒክስ ክፍልና ኃይል ይጠይቃል፤ ወደ ጎን 60 ዲግሪ ሲያዩ ደግሞ የሚታየው ስፋታቸው በግማሽ ስለሚቀንስ ቢያንስ 3 ዴሲቤል ያጣሉ። ለሚንቀሳቀሱ ሳተላይቶችና ለተሽከርካሪ ቦታቸው ተገቢ ነው፤ ለቆሙ ሳተላይቶችና ለቆመ ጣሪያ ግን ኃይል የማይበላ ብረት አንጸባራቂ ዛሬም ይበልጣቸዋል።

«በአንድ ጊዜ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንቴናው ሁሉንም ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ ማየቱ ተጠቃሚው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያያል ማለት አይደለም። ከኤልኤንቢዎቹ በኋላ የሚመጣው ክፍል ካልተመረጠ ውድ አንቴና እንደ ተራ ዲሽ ሆኖ ይቀራል። የኬዩ ባንድ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋ ኸርዝ ያለውን ክልል በአራት ይከፍለዋል፤ ሪሲቨሩ በ13 ወይም 18 ቮልት ፖላራይዜሽኑን፣ በ22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ደግሞ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ባንድ ይመርጣል። በአንድ ኬብል ላይ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው።

ለአንድ ሪሲቨርና ለአንድ ተመልካች የዳይሴክ መቀያየሪያ ይበቃል፤ 1.0 የሚባለው አራት ኤልኤንቢ፣ 1.1 የሚባለው እስከ 16 ያገናኛል። ይህ መቀያየሪያ ነው፤ አንዱን ሲያገናኝ ሌሎቹን ያቋርጣል። የተለያዩ ሰዎች የተለያዩ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ የሚያዩ ከሆነ፣ ወይም አንዱን እያዩ ሌላውን መቅዳት ካስፈለገ፣ አራት መውጫ ያላቸው ኳትሮ ኤልኤንቢዎችና የፈለገውን ሲግናል ለየሪሲቨሩ የሚያቀርብ መልቲስዊች ያስፈልጋሉ። አራት አድራሻ ማለት 16 ኬብል ነው፤ 17 መግቢያ ያላቸው መልቲስዊቾችም የተሠሩት ለዚሁ ነው፣ አሥራ ሰባተኛው ለመሬት ላይ ቴሌቪዥን አንቴና ነው። ሙሉውን ፖላራይዜሽን በአንድ ኬብል የሚያወርዱ ዋይድባንድ ኤልኤንቢዎች ይህን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱታል፤ ለአዲስ ተከላ እነሱን አስቀድማለሁ። በአንድ ኬብል ለብዙ ሪሲቨሮች የሚያከፋፍለው ዩኒኬብልም ግድግዳ መብሳት በማይቻልበት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

የኤልኤንቢን ጥራት በካርቶኑ ላይ በተጻፈው የጫጫታ መጠን «0.1 ዴሲቤል» መምረጥ አያዋጣም፤ ይህ ቁጥር ለማስታወቂያ የሚጻፍ ስለሆነ እንደ መለኪያ አይያዝም። አፉ በዲሹ ልክ መክፈቱና ድግግሞሹ በሙቀት አለመንሸራተቱ ይበልጣል። በሲ ባንድ ለሚቀበሉ ደግሞ በ3.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ በሚሠሩ የ5ጂ ማማዎች አቅራቢያ ከኤልኤንቢው አፍ ፊት ማጣሪያ ሳይታሰር ምንም ዓይነት አንቴና አይረዳም።

ምርጫው

ሁለት ወይም ሦስት አድራሻዎች በ12 ዲግሪ ውስጥ ካሉና ሁሉም ጠንካሮች ከሆኑ ባለ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ኦፍሴት ዲሽ ይበቃል፤ ለዚህ ቶሮይድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሆነው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ከተበተኑ፣ ሲግናላቸውም ከ90 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዲሽ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ቶሮይድ ያለ ጥርጥር ይመረጣል። ሁሉም ጠንካራ ሆነው አንዱ ብቻ ደካማ ሲሆን ብዙ ሰው ለዚያ አንዱ ሲል ሁሉንም ያሳድጋል። እኔ የምመክረው ቅይጥ ነው፤ ጠንካሮቹን በቶሮይድ ወይም ባለ ብዙ ኤልኤንቢ ዲሽ ይዞ ለደካማው ብቻ ትልቅ ዲሽ ለይቶ መትከል። ሁለቱም በአንድ መልቲስዊች ስለሚገናኙ ተመልካቹ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ወጪውም ብዙውን ጊዜ ያንሳል።

ደካማ መሆኑ የሚታወቀው በሳተላይቱ ስም ብቻ አይደለም። በአንድ ሳተላይት ላይ እንኳ ትራንስፖንደሮቹ የሚጠይቁት ጥራት ይለያያል፤ ዲቪቢ ኤስ2 በሚባለው የስርጭት ደረጃ፣ በኪውፒኤስኬ 1/2 (ቀለል ባለ የአላላክ ዓይነት) የሚላክ ሲግናል ከጫጫታው በ1 ዴሲቤል ያህል ቢበልጥ ይነበባል፣ በ8ፒኤስኬ 3/4 (ብዙ መረጃ በሚያጭቅ ዓይነት) የሚላከው ግን ወደ 8 ዴሲቤል የሚጠጋ ይፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚህ ናቸው። ስለዚህ የሚፈለጉት ቻናሎች በየትኛው ትራንስፖንደር እንደሚተላለፉና በየትኛው የአላላክ ዓይነት እንደሚላኩ አይቶ፣ ጥቂት ዴሲቤል ለዝናብ ትርፍ አድርጎ መያዝ ይገባል።

ማንኛውም ዓይነት ቢመረጥ ቦታው ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ያለውን ቅስት ሁሉ ያለ ከልካይ ማየት አለበት፤ ጫፎቹ ከመሃሉ ዝቅ ስለሚሉ የጎረቤት ሕንፃ ወይም ዛፍ የሚጋርደው ብዙ ጊዜ እነሱን ነው። ይህን ለማረጋገጥ ያለ መሣሪያ የሚሠራ መንገድ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ጊዜያት ዙሪያ፣ ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትጓዘው ሳተላይቶቹ ባሉበት ቅስት ላይ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ከእያንዳንዱ ሳተላይት በስተጀርባ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃዎች መቀበልን የምታቋርጠውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የምሥራቁን፣ ከዚያ 1 ዲግሪ በ4 ደቂቃ ገደማ ሂሳብ ወደ ምዕራብ እየሄደች። በእነዚያ ቀናት ፀሐይን በዓይን ሳይመለከቱ አንቴናው በሚተከልበት ቦታ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ የሚያርፍበትን ሰዓት መመዝገብ ነው፤ ጥላ ያረፈበት ሰዓት የትኛው ሳተላይት እንደተጋረደ ይናገራል።